ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ መጫኑ ግን ዋጋ ያስከፍላል

ማክሲማ የተባለውን ነፃ የሒሳብ ሶፍትዌር ከፍታችሁ «ኤክስ በኤን ኃይል»ን ኢንተግሬት እንዲያደርግ ብታዙት፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ይጠይቃችኋል፦ ኤን ከኔጋቲቭ 1 ጋር እኩል ነው? ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ኤን ኔጋቲቭ 1 ከሆነ መልሱ ሎጋሪዝም ነው፤ ካልሆነ ሌላ ነው። ማሽኑ የጠየቀው ጎበዝ አስተማሪ የሚጠይቀውን ነው።

ወደዚህ ጥያቄ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ሶፍትዌሩ መጫን አለበት። ጅግጅጋ ላይ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሴጅ የተባለውን ሶፍትዌር ለመጫን ሦስት ቀን ሲታገል አይቻለሁ። ላፕቶፑ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባ፣ ዊንዶውስ 7 የተጫነበት አሮጌ ዕቃ ነው። ሴጅ ዛሬ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው በውስጡ ሊኑክስ በማስነሳት ሲሆን ይህም ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል። የሚወርደው ነገር በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። የገዛው ዳታ መሃል ላይ አለቀ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ አንድ ሱቅ ገባና ክራክ የተደረገ ውድ ሶፍትዌር በፍላሽ አስጭኖ ወጣ። ከነቫይረሱ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ነፃው እያለ የተሰረቀውን እንጠቀማለን። ልጁን ግን አልወቅስም። የመጫን ችግር የተማሪ ስንፍና ተደርጎ ሲታይ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን የተቋማት ሥራ ነው እላለሁ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በዚያው ወር ሁለት ነገር ሆነ። መንግሥት የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም ጀመረ፤ ብርም በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ በዶላር የሚከፈልበት የሶፍትዌር ፈቃድ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ይበልጥ ራቀ። ስለዚህ ነፃ ሶፍትዌር የድሃ ማካካሻ ተደርጎ መታየቱ ቀርቶ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን አለበት። ደግሞም ተራ ነገር አይደለም፤ የማክሲማ ሥር በ1968 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ከተጀመረ ፕሮግራም ይመዘዛል።

«ክራኩ ይሠራል፤ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝ አሉ። ተማሪው ተመርቆ መሥሪያ ቤት ሲገባ በክራክ የሠራውን በሕግ ፊት ማቅረብ አይችልም። «አሁን እኮ ኤአይ አለ» የሚሉም አሉ። ኤአይ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ይሳሳታልም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሁከት ሲነሳ በክልሉ ኢንተርኔት እንደተቋረጠ የጅግጅጋ ሰው አይረሳም። ላፕቶፑ ላይ የተጫነ ማክሲማ ግን ኔት ኖረም አልኖረም ይሠራል።

መጫኑ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ፤ ስህተት ሳያሳይ የተሳሳተ የሚመስል መልስ የሚሰጥበት ጊዜ። ፓይተን ላይ 2 ብላችሁ፣ የቆብ ምልክቷን አድርጋችሁ 3 ብትጽፉ 8 አይሰጣችሁም፤ 1 ነው የሚሰጣችሁ። ለፓይተን ያቺ ምልክት የኃይል ምልክት አይደለችም፤ ኃይል የሚጻፈው በሁለት ኮከብ ነው። የ100 ሎግ ብትጠይቁት 2 ሳይሆን 4.605 ይላል፤ በእኛ ክፍል ሎግ ሲባል ቤዙ 10 ነው፣ በእነሱ ግን ናቹራል ሎግ ነው። የኤክስ ካሬን ስኩዌር ሩት ኤክስ ብሎ አያቃልልም፤ ኤክስ ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላላ። ኤክስ ፖዘቲቭ ነው ብላችሁ አስቀድማችሁ መንገር አለባችሁ። ይህን የሚነግረው ሰው ያጣ ተማሪ «ሶፍትዌሩ አይረባም» ብሎ ይተወዋል። በሶማሊኛ ተምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ለቀጠለ ልጅ ደግሞ የስህተት መልእክቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው።

ምን ይደረግ? ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሴጅን በአንድ ሰርቨር ላይ ይጫኑት። ተማሪው በካምፓሱ ውስጥ ኔትወርክ በብራውዘር ብቻ ይከፍተዋል፤ ምንም አያወርድም፣ ዳታም አይገዛም። ሰርቨሩ መብራትና ኃላፊነት የሚወስድ ቴክኒሺያን ይፈልጋል፤ ግን አንድ ሰው ቢደክም ይሻላል ወይስ ሺህ ተማሪ?

ሁለተኛ፣ ለሽንሌ፣ ለኤረር፣ ለቀብሪበያህና ለቶጎ ውጫሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፍላሽ የሚዞር ጥቅል ይዘጋጅ። ለአሮጌ ላፕቶፕ ሴጅ አያስፈልግም፤ ማክሲማ ወይም ሲምፓይ ይበቃል። ሲምፓይና አብሮት የሚያስፈልገው ፋይል ተደምረው 10 ሜጋባይት አይሞሉም። ዊንዶውስ 7 ላላቸው ፓይተን 3.8 ይካተት፤ ከዚያ በኋላ ያሉት በእሱ ላይ አይሠሩም።

ሦስተኛ፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ዓይነት ስህተቶች በሶማሊኛና በአማርኛ በሁለት ገጽ ተጽፈው ከጥቅሉ ጋር ይሰጡ። የዩኒቨርሲቲዎቹን ኔትወርክ የሚያስተሳስረው ኢተርኔትም የእነዚህን ሶፍትዌሮች ቅጂ አገር ውስጥ ቢያስቀምጥ ጥቅሙ ከጅግጅጋ ያልፋል።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ መምህር፣ አንድ ቴክኒሺያንና ጥቂት ፍላሾችን ነው። 5 ሚሊዮን ኮደር ለማፍራት ካሰብን፣ የሽንሌው ልጅ ሦስት ቀን ሳይታገል የመጀመሪያዋን ጥያቄ ማሽኑን ይጠይቅ። ማሽኑም መልሶ ሲጠይቀው አይደንግጥ።