ከሱለይ የመጣ ሙያ፦ ስለ ውኃ ቧንቧ ብረት

ከደጀ ሰላሙ በታች ባለው ቁልቁለት፣ በአርባ ሁለቱ የድንጋይ ደረጃዎች ዳር ስለ ተተከለው የብረት መደገፊያ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ከየት ተገዛ፣ ማን ሠራው የምትሉ አላችሁ። ባለፈው ክረምት በዚያ ደረጃ ላይ አንዲት አረጋዊት እናት ተንሸራትተው የእጃቸው አጥንት መሰበሩን ታስታውሳላችሁ፤ ሥራውን ያስጀመረን ይህ ነው። ብረቱ ለደረጃ ተብሎ የተሠራ አይደለም። በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ በስድስት ሜትር ዘንግ የሚሸጠው የውኃ ቧንቧ ነው። በዚህ ወር ስለዚሁ ቧንቧና ስለ ሠሪው፣ እኛም ስለ ሠራነው ስሕተት እንጽፋለን።

ሠሪው ከገዳሙ ግርጌ ባለው መንደር የተወለደ፣ ስሙን እንዳንጽፍ የለመነን ወንድማችን ነው። ሙያውን የለመደው ግን በሀገር ቤት አይደለም። በሪያድ ከተማ ዳር ሱለይ የሚባል፣ መጋዘኖችና የብረት ሥራ ቤቶች የበዙበት ሰፈር አለ። እርሱም ባሕር ተሻግሮ ሄዶ በዚያ ባለ አንድ የብረት ሥራ ቤት መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ቆራጭ፣ በመጨረሻም በያጅ ሆነ። በሳውዲ ዐረቢያ በበጋው ወራት ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራተኛን በፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። «ክልከላው ለፀሐይ እንጂ ለቆርቆሮ ጣሪያ አይደለም፤ እኛ ከቆርቆሮ ሥር ነበርን» ብሎ ሲነግረን ይሥቃል። በ2006 ዓ.ም. ከዚያች አገር ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ እርሱም አብሮ መጣ፤ በእጁ የነበረው አንድ ሻንጣና የብየዳ መነጽር ነው።

ከመደገፊያው በፊት ያዘዝነው ሌላ ሥራ ነበር። ለእንግዳ ማረፊያው ውኃ እንዲወርድ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በአራት ሜትር ከፍታ ላይ ለማስቀመጥ አሰብን። ከምንጩ ውኃ ያመጣ የነበረው የድሮ መስመር ሲነሣ የተረፈ ቧንቧ በዕቃ ቤቱ ጀርባ ተከምሮ ነበርና፣ «ከዚህ ማማ ሥራልን፤ ብረት እንደ ሆነ ሞልቷል» አልነው። ክምሩን ዞሮ አየና «አባቴ፣ ይህን አልሠራም» አለ። እኛም ተቆጣን። ዋጋ የፈለገ መስሎን «ልጄ፣ ድካምህን እንከፍላለን» ብለን ጨመርንበት፤ ያን ቃል ዛሬ ስናስበው እናፍራለን።

እርሱ ምንም ሳይመልስ አንዱን ቧንቧ በብረት መጋዝ ቆርጦ አፉን ወደ እኛ አዞረው። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው። ከውስጥ ግን ውኃው ይተኛበት በነበረው ጎን ዝገት በልቶት እንደ እንቁላል ቅርፊት ሣሥቷል፤ በሞረድ ጫፍ ቢነካው ተበሳ። «ቀለም ብቀባው አዲስ ይመስላል፤ ማንም አያውቅብኝም። ሰው ግን ከሥሩ ይቀመጣል» አለን። ቀጥሎም ቁጥሩን አስረዳን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የሞላው ሮቶ ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል። ቧንቧ የሚፈተነው ከውስጥ የሚገፋውን ውኃ መያዙን ነው፤ ከላይ የሚጫነውን ሸክም መቻሉን ማንም አልፈተነበትም። አዲስ እንኳ ቢሆን እንዲህ ያለው ማማ መሐንዲስ የሚያሰላው እንጂ በዓይን ልክ የሚበየድ አይደለም። በሱለይ ሳለ ከአሮጌ ቧንቧ የተበየደ የመጋዘን መደርደሪያ ወድቆ ባልንጀራው እግሩን ማጣቱን የነገረን ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ያን ዕለት ነግሮን ቢሆን ኖሮ ባልተቆጣን ነበር፤ ግን መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን።

ታዲያ ይህ ርካሽ ብረት ለምን ይሆናል ያላችሁ እንደ ሆነ፥ ለመደገፊያ፣ ለአልጋ፣ ለወንበር እግር፣ ለአትክልት ቦታ በር ይሆናል። ለቤት ዕቃ የሚሸጠው ቱቦላሬ ብዙ ጊዜ ስስ ስለ ሆነ አዲስ በያጅ እሳቱን ጥቂት ካቆየበት ይበሳበታል። የመካከለኛው ዐይነት ቧንቧ ውፍረት ግን በትንንሾቹ ልኮች 2.6 ሚሊሜትር፣ በአንድ ኢንቹ 3.2 ሚሊሜትር ነውና የጀማሪን እጅ ይታገሣል። ክብ በመሆኑም ከየትኛውም ጎን ቢገፉት ብርታቱ እኩል ነው።

በስሙ ግን አትታለሉ። ግማሽ ኢንች የሚሉት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊሜትር ነው፤ እውነተኛው ግማሽ ኢንች 12.7 ብቻ ነው። ሦስት አራተኛው 26.9፣ አንድ ኢንቹ 33.7፣ አንድ ተኩሉ 48.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ልክ ያወቀ ሰው አንድ ደስ የሚል ነገር ያገኛል፦ ግማሽ ኢንቹ በሦስት አራተኛው ውስጥ፣ ሦስት አራተኛውም በአንድ ኢንቹ ውስጥ ለጥቂት ሾልኮ ይገባል፤ በውስጥ በኩል ያለውን የስፌት ጠባሳ በሞረድ ማንሣት ብቻ ያስፈልጋል። ወንድማችን በዚህ መንገድ ቁመቱ ከፍና ዝቅ የሚል አትሮንስ ሠርቶልናል። በአንድ ቡሎን ይያዛል፤ ረጅሙም አጭሩም አንባቢ እንደ ቁመቱ ያደርገዋል። ከሥራው ሁሉ ይህን እንደ ወደድነው አንደብቅም።

ሁለት ክብ ብረቶች ሲጋጠሙ የአንዱ አፍ እንደ ኮርቻ ተቀርጾ በሌላው ጀርባ ላይ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ክፍተቱን በብየዳ መሙላት ይመጣል፤ እርሱም ደካማ ነው። ወንድማችን ወረቀት በቧንቧው ላይ ይጠቀልላል፣ ዙሪያውን በእኩል መስመሮች ይከፍላል፣ በየመስመሩ ጥልቀቱን ለክቶ በመቀስ ይቆርጣል፤ ከዚያም ወረቀቱን መልሶ ጠቅልሎ በጠመኔ ያሠምርበታል። እኛም ብራና በወስፌ ወግተን የምናሠምር ሰዎች ነንና ይህን ስናይ የሩቅ ዘመድ ያገኘን ያህል ሆነን። ብየዳ የሌለው ሰው በጎሚቶና በቲ ገጣጥሞ መደርደሪያ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን በግማሽ ኢንቹ ላይ ጥርስ ሲወጣ ከ2.6 ሚሊሜትሩ 1.2 ያህሉን ይወስደዋልና ከተሰበረ የሚሰበረው በዚያ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር፤ በየመንደሩ የብየዳ ሥራ የጀመራችሁ ልጆቻችን ልብ በሉ። ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቀው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረቱ የሚቀልጠው ግን በ1,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ልባጡ ነጭ ጢስ ሆኖ ይነሣል። ያን ጢስ የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያውን ያመዋል፣ አፉም ብረት ብረት ይለዋል። ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ቀን ይተዋል፤ ወባ መስሎት የሚታከምም አለ። ወተት ይሽረዋል የሚባለውን ወንድማችን «በሱለይም ለበን ያጠጡን ነበር፤ ማታ ግን እንንቀጠቀጥ ነበር» ብሎ አፍርሶታል። መድኃኒቱ ጥቁሩን፣ ያልተለበጠውን ቧንቧ መግዛት ነው፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ጋልቫናይዝዱ ግድ ከሆነ የሚበየደውን ቦታ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ አስቀድሞ መፋቅ፣ ከቤት ወጥቶ ነፋስ በጀርባ በኩል ሆኖ መሥራት ይገባል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ቤቱ ሳይውል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለምድጃ ማቆሚያም ጋልቫናይዝድ አይሁን፤ እሳቱ ሲበረታ ያው ጢስ ነው።

በደረጃው መታጠፊያ ያለውን ቅስት የሠራው ጥቁሩን ቧንቧ አሸዋ ሞልቶ፣ አፎቹን በእንጨት ወትፎ፣ በፍም አግሎ ነው፤ አሸዋው ቧንቧው እንዳይጨረመት ይይዘዋል። አሸዋው ፈጽሞ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥበት ካለው እንፋሎት ሆኖ ውታፉን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ስለዚህም አሸዋውን በእንጀራ ምጣድ ላይ እንደ ገብስ አመሰው፤ የምግብ ቤቱ አባት የምጣዱን ነገር እስከ ዛሬ ያነሡብናል።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደስ አይለንም። ወንድማችን ከመጣ ጀምሮ በመንደሩ «ቀጥቃጭ» እያሉ ከኋላው የሚጠሩት ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በላይ ዕድሜ አገኘ። እኛም የቅኔ ቤት ሰዎች ከዚህ ነጻ አይደለንም። ሰምና ወርቅ የምንለው ስም የተወሰደው አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ፣ ሰሙን አቅልጦ አውጥቶ፣ በቦታው ወርቅ ከሚያፈስበት ሥራ ነው። የጥበባችንን ስም ከእጁ ወስደን እርሱን ከማዕዳችን ያራቅንበት ዘመን ነበር።

ሮቶው አሁን በእንግዳ ማረፊያው በላይ ባለው ጉብታ፣ በድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጧል። ማማ ሳያስፈልገው ውኃው በቁልቁለቱ ብቻ ይወርዳል፤ ይህንም ያሳየን እርሱ ነው። የድሮው ቧንቧ ተቆራርጦ ደኅና የሆነው ለአትክልቱ ድጋፍ ዋለ፤ የቀረው ለቁራሌው ተሸጠ። የመደገፊያው ቋሚዎች በአርባ ሳንቲሜትር ጥልቀት በኮንክሪት ተተክለዋል፤ አናታቸውም ዝናብ እንዳይገባ ተደፍኗል። ለኅዳሩ በዓል የምትመጡ ሁሉ በቀኝ እጃችሁ ይዛችሁ ውጡ። ከታች ያለው ሁለተኛው መታጠፊያ ግን ቀለሙ ገና አልደረቀምና ነጠላችሁን ጠብቁ።