ለቅጠሉም ምስክር ይፈለግለት

በእኛ አካባቢ የስኳር ክትትል ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት መድኃኒት አለው። አንዱ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ሌላው ከቤት አይወጣም። ደብረ ታቦር የማውቃቸው አንዲት እናት ጠዋት ክኒናቸውን ይውጣሉ፤ ማታ ደግሞ ከገበያ የገዙትን ደረቅ ቅጠል ወቅጠው በውኃ ይበጠብጡና ዝቃጩ ሳይረጋ ጭልጥ ያደርጉታል። «እማማ፣ ለሐኪሙ ነግረውታል?» አልኳቸው። «ምን ብዬ ልጄ! ይቆጣኛል እኮ» አሉኝ።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። በጎንደር 387 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማንን ያነጋገረና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ 62 በመቶው የባህል መድኃኒት እንደሚወስዱ አሳይቷል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥንጁትና ኮሶ በብዛት ከተጠቀሱት ውስጥ ናቸው። ከወሳጆቹ 87 በመቶ ያህሉ ሐኪማቸውን አላማከሩም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነው። ቅጠሉ እውነትም ስኳር የሚቀንስ ከሆነ፣ ግሊቤንክላሚድ ከሚባለው የስኳር ክኒን ወይም ከኢንሱሊን ጋር ተደርቦ ስኳሩን ከልክ በታች አውርዶ ሕመምተኛውን ራሱን ሊያስተው ይችላል። የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ዓይንና ኩላሊት ሲጎዳ ጊዜ ያልፋል። ኮሶማ መጠኑ ሲያልፍ ራሱ ዓይን ይጎዳል።

ይህን ስል ቅጠል ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ዛሬ ለስኳር በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን የዘር ሐረጉ ጋሌጋ ከሚባል የአውሮፓ ተክል ይመዘዛል። ኬሚስቶች ሜትፎርሚንን እ.ኤ.አ. በ1922 ሠሩት፤ ለስኳር ሕሙማን ተሰጥቶ ውጤቱ የታተመው ግን በ1957 ነው። በመካከሉ 35 ዓመት አለፈ።

ቻይኖችም ለተቅማጥ ሲጠቀሙበት የኖሩት ኹዋንግሊየን የሚባል መራራ ሥር አላቸው። በውስጡ ያለው ቤርቤሪን የሚባል ቅመም ስኳር እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ነገር ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ታዲያ ስኳሩን እንዴት ይቀንሳል? እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 409 አዲስ ሕሙማን የተሳተፉበት የቻይና ጥናት መልሱን አንጀት ውስጥ ፈለገው። ቤርቤሪን የወሰዱት ሰዎች የሦስት ወር አማካይ ስኳር፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ሰዎች ይበልጥ ቀነሰ፤ ከምክንያቶቹ አንዱም የአንጀት ባክቴሪያዎች የሐሞት አሲድን የሚለውጡበት መንገድ መቀየሩ ሆኖ ተገኘ። የሆድ ችግር የገጠማቸውም ነበሩ፤ እሱም አልተደበቀም፣ ተመዘገበ። ቤርቤሪስ የሚባለው እሾሃም ቁጥቋጦ፣ የዚሁ ቅመም ሌላው ምንጭ፣ በኢትዮጵያ ደጋም ይበቅላል። ቀቅላችሁ ጠጡ ማለቴ ግን አይደለም። የቻይኖቹ ሥር ክብር ያገኘው ጥንታዊ በመሆኑ ሳይሆን ተመዝኖ፣ ተነጻጽሮ፣ ጉዳቱም ጥቅሙም ተጽፎ ስለቀረበ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ ድጓን ዘለቅሁ የሚል ሁሉ ጋይንት ቤተልሔም ገብቶ ካልተመሰከረለት የድጓ መምህር አይባልም። ድምፁ ያማረ፣ መምህሩ የታወቀ ቢሆንም ምስክር ይጠየቃል። ለዜማው እንዲህ የሚጠነቀቅ አገር፣ ሰው ሕይወቱን አደራ ለሚሰጠው ቅጠል ምስክር አለመጠየቁ ያሳዝነኛል።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአገራችንን ዕፅዋት በአይጥ ላይ ለስኳር ሲሞክር ቆይቷል፤ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን አይጥን ያዳነ ሁሉ ሰውን አያድንም። የደብረ ታቦርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ከባህል ሐኪሞቹ ጋር ተቀምጠው፣ የባለዕውቀቶቹን መብት በውል አስከብረው፣ መጠኑንና ጉዳቱን በሰው ላይ በሥርዓት ይመርምሩ።

እስከዚያው ከሐኪሞቻችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ስትሰሙም አትቆጡ። እርስዎም አንባቢዬ፣ ስኳር ካለብዎ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቅጠሉን በላስቲክ ቋጥረው ይዘው ይሂዱ፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱት ይንገሩ። ክኒኑንም ሆነ መርፌውን ግን ያለ ሐኪም ቃል አያቋርጡ። በተለይ በአንደኛው ዓይነት ስኳር ኢንሱሊን ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ይገድላል።