መንገድ ከመቈፈሩ አስቀድሞ ሊጸድቅ ስለሚገባው የትራፊክ ፕላን

ከሮቤ ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ ከ15 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ አጭር መንገድ ነው፤ ዳሩ ግን በባሌ ደጋ ውስጥ የዚህን ያህል ብዙ ጉዳይ የሚመላለስበት መንገድ ጥቂት ነው። የዞኑ መስተዳድርና የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በሮቤ ይገኛሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል ግን በጎባ ነው። ስለዚህ ከአጋርፋ ወይም ከጋሰራ በኩል ምጥ ጸንቶባት በአምቡላንስ የመጣች ሴት ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ጎባ የተላከች እንደ ሆነ የምታልፈው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ መንገድ ለጥገና ወይም ቧንቧ ለመቅበር ሲባል በአንድ ማለዳ ግማሽ ጐኑ ቢቈፈር፥ አምቡላንሱ በየት በኩል ያልፋል? ማንስ ያሳልፈዋል? ሲመሽስ ጉድጓዱ በምን ይታያል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማግኘት የሚገባቸው ዶማው መሬት ከመንካቱ በፊት ነው።

መልሱን በጽሑፍና በሥዕል የሚይዘው ሰነድ የትራፊክ መቈጣጠሪያ ፕላን ይባላል። ነገሩ በሌላው ዓለም የቈየ ነው። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. የመንገድ ምልክቶችን ሁሉ አንድ ዐይነት የሚያደርግ መመሪያ ታተመ፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው እትምም መንገድ በሚሠራበት ጊዜ ስለሚደረገው ጥበቃ ሰፊ ክፍል አለው። በመመሪያው መሠረት የሥራው ስፍራ በአራት ይከፈላል። መንገደኛው አስቀድሞ ወደ ፊት ሥራ እንዳለ በምልክት ይነገረዋል፤ ቀጥሎ ከለመደው መሥመር ወደ ሌላው ቀስ በቀስ ይመራል፤ ከዚያም ሠራተኞቹና መሣሪያዎቹ ያሉበትን ስፍራ በመከላከያ ተለይቶ ያልፋል፤ በመጨረሻም ወደ ቀድሞ መሥመሩ ይመለሳል። ከአራቱ አዘውትሮ የሚዘነጋው የመጀመሪያው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ምልክቱን አይቶ፥ ነገሩን ተረድቶ፥ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፥ መኪናው ገና ሳይያዝ ከ40 ሜትር በላይ ሄዷል፤ እስኪቆም ድረስ የሚያስፈልገው ርቀት ደግሞ ሌላ ነው። እንግዲህ በጉድጓዱ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ጨርቅ ወይም የተደረደረ ድንጋይ ማስጠንቀቂያ ሊባል አይችልም።

በኢትዮጵያ የአውራ ጐዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መንገድ በውልና በመሐንዲስ ቍጥጥር መሠራቱ የተለመደ ሆኗል። ተቋራጩ ፕላኑን ያቀርባል፥ አማካሪው መሐንዲስ መርምሮ ያጸድቃል። ዛሬ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች የሚጠብቀው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ የከተማውን መንገድ ማዘጋጃ ቤት፥ የቀረውን የክልሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት ይይዘዋል፤ በመንገዱ ላይ ሥርዓት የሚያስከብረው ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ሥልጣኑ እንዲህ የተከፋፈለ ስለ ሆነ አንዱ ያጸደቀውን ሌላው ሳያየው ሥራ መጀመሩ አይቀርም። ፖሊሱ መንገዱ መዘጋቱን የሚሰማው መኪናው ተሰልፎ ጡሩምባ ሲነፋ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞችም ስለ ተዳረሰ፥ መንገድ የሚቈፈርበት ጊዜ በዝቷልና ይህ ጉድለት ከቀድሞው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ከሌላ ስፍራ ሥራ ተገልብጦ የቦታው ስም ብቻ የተለወጠበት ፕላን ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ማኅተም ሊያገኝ ይችል ይሆናል፤ ለባሌ ግን አይሆንም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ጎባ ከእርሷም ትበልጣለች። ጭጋግ በወረደ ጊዜ ለቈላ አገር የተለካ የምልክት ርቀት በዚህ አይበቃም፤ ብርሃን የሚመልስ ቀለም የሌለው ሰሌዳም እንዳልተተከለ ይቈጠራል።

አዝመራውም ሁለት ነው። ገበሬው ገና የሚለው የበልጉ እህል ወደ ሐምሌና ነሐሴ፥ ቦና የሚለው ደግሞ ወደ ታኅሣሥና ጥር ይሰበሰባል። በነዚህ ሳምንቶች ኮምባይነሮች ከእርሻ ወደ እርሻ በአስፋልቱ ላይ ይጓዛሉ፤ ስንዴ የጫነ መኪናም በአዳባና በዶዶላ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ ይወርዳል። የአንድ መሥመር ስፋት 3 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ የኮምባይነሩ ማጭጃ ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ ለትናንሽ መኪናዎች አንድ መሥመር ትቶ ሌላውን የሚዘጋ ፕላን በግንቦት መልካም ሆኖ በታኅሣሥ ገበሬውን ከእህሉ የሚለይ ይሆናል። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በእግሩ የሚሄደው ምእመንም አለ፤ በዓሉ በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳልና፥ ያለፈው ዓመት ፕላን ለዘንድሮው መንገደኛ አያገለግልም። ፈረሰኛው፥ ጋሪውና የተጫነች አህያ በሥዕሉ ላይ ስፍራ ካላገኙ በጉድጓዱ ጠርዝ መሄዳቸው የታወቀ ነው።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በሳነቲ አምባ ላይ ያልፋል። በዚያ ላይ ግሬደሩ ሣሩን ገፎ ተለዋጭ መንገድ ልክፈት ቢል፥ የሚገፈው የቀይ ቀበሮና የፍልፈል መኖሪያ ነው፤ በብርድ አገር የተገፈፈ መሬትም ቶሎ አያገግምም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚሠራ ሥራ ፕላን የፓርኩ ጠባቂዎች ሳያዩት መጽደቅ አይገባውም።

ተቋራጮችም የሚያቀርቡት አቤቱታ አለ፤ ሐሰት ነው ተብሎ ሊጣል አይገባም። ፕላኑን አስገብቶ መልስ የሚጠብቅ ሰው መሣሪያው ቆሞ ኪራይ ይቈጥርበታል፤ የሠራተኛው ደመወዝም አይቆምም። ወረቀቱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር ወር ቢሞላ፥ ትዕግሥቱ አልቆ ያለ ፈቃድ መቈፈሩ ነውር ቢሆንም የሚያስገርም አይደለም። ስለዚህ ለመርማሪው የተወሰነ ቀን ይቈረጥለት፤ ጕድለት ካገኘ በዚያ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስታውቅ። ቀኑ ሲያልፍ ግን ዝምታው እንደ ፈቃድ መቈጠር የለበትም፤ የዘገየው ሹም ራሱ ይጠየቅበት። መሐንዲሱ፥ የትራፊክ ፖሊሱ፥ የማዘጋጃ ቤቱ ሰውና ተቋራጩ በየቢሮአቸው ከሚጻጻፉ ይልቅ አንድ ቀን በቦታው ተገናኝተው መንገዱን በእግራቸው ቢሄዱት፥ የወር ደብዳቤ በግማሽ ቀን ያልቃል።

ለምልክት፥ ለመከላከያና ለሌሊት መብራት የሚወጣው ወጪም በውሉ ውስጥ ለብቻው ዋጋ ይቈረጥለት። ከጠቅላላው ዋጋ ውስጥ ተደባልቆ የቀረ እንደ ሆነ፥ ቍጠባ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው። ባንዲራ የሚይዘው ወጣት ትናንት ተቀጥሮ ዛሬ ያለ ትምህርት በመታጠፊያ ላይ የሚቆም ከሆነ፥ የብዙ ሰው ነፍስ በእጁ እንደ ተሰጠ እርሱም አያውቅ፥ የቀጠረውም አላሰበ። ሁለት ባንዲራ ያዦች የማይተያዩ ሲሆን የሬዲዮ መነጋገሪያ ይሰጣቸው፤ ይህም ባይገኝ ለመጨረሻው ሾፌር በትር አስይዞ ለወዲያኛው ማድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ በሬ ወይም አህያ ቢገባበት ለባለቤቱ ዋጋውን እንዲከፍል መታዘዙን የቤተ ክህነት ሰዎች ያውቁታል። በዚያ ዘመን ቈፋሪው አንድ ሰው ስለ ነበር ተጠያቂው አይጠፋም ነበር። ዛሬ ቈፋሪው ተቋራጭ፥ አስቈፋሪው መሥሪያ ቤት፥ ፈቃጁ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲሆኑ፥ በጉድጓዱ የወደቀው ሰው ቤተ ሰብ ከደጅ ወደ ደጅ ይላካል። ስለዚህ በጸደቀው ፕላን ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ብቻ ሳይሆን ያጸደቀው ሰው ስምና ቀኑ፥ ምልክቱን በየማታው የሚመረምረው ሠራተኛ ስምና የሚጠራበት ስልክ ይጻፉበት፤ የዚሁም ግልባጭ በሥራው ስፍራ ሕዝብ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሥራው በተጀመረበት በመጀመሪያው ሌሊት ደግሞ ፈራሚው ራሱ መኪና ይዞ ከሮቤ ወደ ጎባ አንድ ጊዜ ሄዶ ይመለስ፤ ጉድጓዱን ከስንት ሜትር ላይ እንዳየው በፕላኑ ጀርባ ጽፎ ያኑር።