ስም አይቶ ፕሮሰሰር መሸጥ

በደባርቅና በዳባት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ኮምፒዩተር ሊገዛ ሲሄድ «ኢንቴል ይሻላል ወይስ ኤ.ኤም.ዲ.?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ባለሱቁም «ኮር አይ ሰባት ስለሆነ አያሳስብዎ» ብሎ ያሰናብተዋል። በዚህ ንግግር ውስጥ የዕቃው ስም እንጂ ጠባዩ አልተነገረም።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1968፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ1969 የተቋቋሙ ተፎካካሪዎች ሲሆኑ፣ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቻቸው አንድ ዓይነት ፕሮግራም ያሠራሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ከድርጅቱ ስም ይልቅ በትውልዱና በሞዴሉ ቁጥር መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ኮር አይ ሰባት 3770፣ በ2022 የወጣው ኮር አይ ሦስት 12100 በፍጥነት ይበልጠዋል። ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጠቅላላው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከራይዘን 2000 ተራ በታች ያሉትን አይቀበልም።

አንዲት ፊደልም ኪሳራ ታመጣለች። ኮር አይ አምስት 12400 ራሱን ችሎ ምስል ሲያሳይ፣ 12400 ኤፍ ያለ ግራፊክስ ካርድ አያሳይም። በኤ.ኤም.ዲ. በኩል ነገሩ ይገለበጣል፤ ራይዘን 5 5600 ጂ ካርድ አያሻውም፣ ጂ የሌለው 5600 ግን ያሻዋል። መለዋወጫ ለሚይዝ ነጋዴም፣ ኤ.ኤም.ዲ. እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን ኤ.ኤም.4 የተባለ መሰኪያ ለብዙ ትውልድ ሲያቆይ፣ ኢንቴል በ2020፣ በ2021 እና በ2024 መሰኪያውን መለወጡን ማወቅ ይጠቅመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከጊች ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩ ሰዎች እርሻቸውን ትተው ሌላ መተዳደሪያ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል። እንዲህ ካለው ቤተሰብ የወጣ ወጣት ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢያውልና የማይሆን ዕቃ ቢደርሰው፣ ሌላ የሚገዛበት አቅም ከየት ያገኛል? ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የስሕተቱ ዋጋ ከብዷል።

አሮጌ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ለደብዳቤ መጻፊያ የሚበቃ ይገኝበታል። ነውሩ አሮጌውን በስሙ ብቻ በአዲስ ዋጋ መሸጥ ነው። ስለሆነም አስመጪዎች ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ከነፊደሉ፣ እንዲሁም ፕሮሰሰሩ የወጣበትን ዓመት በደረሰኝ ላይ ሊጽፉ ይገባል፤ ባለሱቆችም ይህ ሳይሟላ ዕቃ ባይረከቡ ይበጃቸዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ በደባርቅ ገበያ የሚቀረው ስም ግን የሻጩ እንጂ የፋብሪካው አይደለም።