የቆሼ ለቃሚዎችና ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ

አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ አሸዋ በአንድ ሰፌድ ላይ ብንገለብጥ፣ ለመቀላቀል የሚያስፈልገን ጊዜ ከደቂቃ አይበልጥም። መልሶ ለመለየት ግን ቀኑን ሙሉ ሲያንገዋልሉ መዋል ግድ ይላል። ተማሪዎቻችን ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ በቀመርና በምልክት ሲማሩት ይከብዳቸዋል እንጂ፣ ምስር ለቅሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሕጉን ፍሬ ነገር ያውቀዋል። መቀላቀል ማንም ሳይረዳው በራሱ የሚሆን ነገር ነው። መለየት ግን ሥራ ይጠይቃል፤ ሥራውንም የሚሠራ አንድ አካል መኖር አለበት። የሥርዓት አልባነት መለኪያ የሆነው ኢንትሮፒ በአንድ ስፍራ እንዲቀንስ ከተፈለገ፣ ዋጋው በሌላ ስፍራ መከፈሉ አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የምንወደው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። የአዲስ አበባን ቆሻሻ የሚለየው ማን ነው? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

ከተማ ትልቅ መቀላቀያ ነው። በየቤታችን የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተረፈ ወጥ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ጫማ፣ የተሰበረ ብርጭቆና ያለቀ ባትሪ በአንድ ፌስታል ታስረው ይወጣሉ። የጽዳት ማኅበራት አባላት በጋሪ እየሰበሰቡ ወደ ገንዳ ያደርሱታል፤ መኪናውም ጭኖ በከተማዪቱ ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው ረጲ፣ ሕዝቡ «ቆሼ» ብሎ ወደሚጠራው ስፍራ ይወስደዋል። ይህ ስፍራ ከ50 ዓመታት በላይ የከተማዪቱን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። በእያንዳንዱ ማድ ቤት ተለያይቶ ይገኝ የነበረው ሁሉ እዚያ ሲደርስ አንድ ክምር ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ክምር ላይ ነው። መኪናው ሲገለብጥ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች ጫፉ የቆለመመ ብረትና ማዳበሪያ ይዘው ይከቡታል። ከየትኛው ሰፈር የመጣው መኪና ምን እንደሚይዝ በልምድ ያውቃሉ። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ዘነበወርቅ አካባቢ ለሥጋ ደዌ ሕክምና መጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ሌሎቹ ሥራ ፍለጋ ከገጠር የፈለሱ ናቸው። ፕላስቲኩን ከብረቱ፣ ብረቱን ከመዳቡ ለይተው በኪሎ ለነጋዴ ያስረክባሉ፤ የዕለት ጉርሳቸውም ከዚያ ይገኛል። ቤት ለቤት የሚዞረው ቁራሌውም የዚሁ ሰንሰለት አካል ነው። የተሰበሰበው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በርሜሉ ምድጃ፣ አሮጌው ጎማ በረባሶ፣ ቁርጥራጩ ብረት ማጠፊያና መቀርቀሪያ ይሆናል። ቀሪውም ወደ ፋብሪካ ይሄዳል።

እዚህ ላይ እንደ ፊዚክስ መምህራን አንድ ነገር በትክክል መናገር ይገባናል። የጠርሙሶችና የቆርቆሮዎች መቀላቀል የሚጨምረው ኢንትሮፒ በቀመር ሲሰላ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንድ ስኒ ቡና ሲቀዘቅዝ ከሚጨምረው ጋር እንኳ አይነጻጸርም። እንግዲያው መለየትን ውድ ያደረገው ምንድን ነው? ውድ ያደረገው ዕውቀቱ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መመለስ ያስፈልጋል። ባለጸጎቹ አገሮች ይህን የሚሠሩት በማግኔት፣ በፍጥነት በሚለዋወጥ የማግኔት መስክና በኢንፍራሬድ ብርሃን መመርመሪያ በተሞሉ ግዙፍ ተክሎች ነው። በቆሼ ግን የሚሠራው በዐይንና በጣት ነው። ልምድ ያለው ለቃሚ ፕላስቲኩን አጥፎ በሚሰማው ድምፅና በሚያየው ስብራት ዓይነቱን ይለያል። ይህ ዕውቀት የትኛውም ትምህርት ቤት አልመዘገበውም፤ የትኛውም የደመወዝ እርከን አልተቆረጠለትም።

ሥራው የሚያተርፈው ኢነርጂ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከውዳቂ አሉሚኒየም አዲስ አሉሚኒየም ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ከማዕድኑ ለማውጣት ከሚያስፈልገው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፌስታልና ጄሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን አንድ ኪሎው ከድፍድፍ ነዳጅ ተነሥቶ እስኪመረት፣ በውስጡ የሚቀረውን ጨምሮ፣ ከ70 ሜጋጁል በላይ ይፈጃል። አገራችን የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃን በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ እንደምታስገባ ስናስብ፣ ማዳበሪያ ሙሉ ፕላስቲክ የተሸከመች እናት የውጭ ምንዛሪም ተሸክማ እንደምትሄድ ይገባናል።

ዋጋውን ወደ መክፈሉ እንመለስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሼ ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። እንዲህ ያለው አደጋ የደረሰው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በፊሊፒንስ ፓያታስ ከ200 በላይ፣ በ2005 በኢንዶኔዥያ ለዊጋጃ ከ140 በላይ፣ በ2024 በኡጋንዳ ኪቴዚ ከ30 በላይ ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ አልቀዋል። በየስፍራው ከሟቾቹ መካከል በክምሩ ሥር የሚኖሩና በክምሩ የሚተዳደሩ ድሆች ይገኛሉ።

ክምር ለምን ይናዳል? በዐውድማ ላይ የተከመረ እህል የሚቆምበት የታወቀ ማዕዘን አለው፤ ከዚያ በላይ ሲቆለል ይንሸራተታል። የከተማ ቆሻሻ ግን ከእህል ይልቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ምክንያቱም በውስጡ የተሰገሰጉት ፌስታሎችና ጨርቆች፣ ጭድ የምርጊቱን ጭቃ እንደሚይዝ፣ ክምሩን አያይዘው ይይዙታል። ይህ መልካም ቢመስልም አታላይ ነው፤ ክምሩ ከሚገባው በላይ ከፍ እንዲልና ዕድሜ እንዲያገኝ ያደርገዋል። ክምሩን ያቆመው ሰበቃ የሚወሰነው ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ በሚጫጫኑበት ኃይል ነው። በመካከላቸው ውኃ ሲሞላ ግን የክብደቱን ከፊል ውኃው በግፊቱ ይሸከመዋል። ውኃ ደግሞ ሰበቃ የለውም። ክብደቱ ሳይቀንስ መያዣው ይላላል፤ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሁሉም ይሄዳል።

ውኃው የሚመጣው ከዝናብ ብቻ አይደለም። የእኛ ከተማ ቆሻሻ አብዛኛው የምግብ ትርፍራፊና የአትክልት ልጣጭ በመሆኑ ውኃውን ከቤታችን ይዞት ይወጣል። ይኸው ትርፍራፊ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም በክምሩ ውስጥ ተጨማሪ ግፊትና የእሳት ሥጋት ይሆናል። ከአደጋው በኋላ በጃፓን ድጋፍ በቆሼ ሥራ ላይ የዋለው የፉኩኦካ ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው፤ በተበሳሱ ቱቦዎች ፍሳሹን ማስወጣትና አየር ማስገባት። ዘዴው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ውኃውን ከክምሩ ከማስወጣት መጀመሪያውኑ አለማስገባት እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ስለ ማቃጠልም እንናገር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ቆሻሻን ወደ ኢነርጂ የሚለውጥ ተቋም በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል ታቅዶ ነበር። በአፍሪካ የመጀመሪያው በመሆኑ ብዙ ተስፋ ተጥሎበታል። ነገር ግን አንድ ኪሎ ቆሻሻ 60 በመቶው ውኃ ቢሆን፣ ውኃውን ለማትነን ብቻ 1.5 ሜጋጁል ገደማ ይጠፋል፤ ከቀሪው የምግብ ትርፍራፊ የሚገኘው የተጣራ ሙቀትም ከ5 ሜጋጁል ብዙ አይርቅም። እንዲህ ያለ ተቋም ያለ ተጨማሪ ነዳጅ እንዲሠራ ግን በኪሎ ከ6 እስከ 7 ሜጋጁል ያስፈልገዋል። ጉድለቱን የሚሞላው ማን ነው? ፕላስቲኩና ወረቀቱ ነው። እነዚህ ደግሞ የለቃሚው እንጀራ ናቸው። እንግዲህ ምድጃውና ድሃው ለአንድ ጉርሻ ይሻማሉ ማለት ነው። ያን አንድ ኪሎ ፖሊኤቲሊን ብናቃጥለው 43 ሜጋጁል ያህል ሙቀት እናገኛለን፤ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ ከሩቡ ብዙም አይበልጥም። 70 ሜጋጁል የፈጀን ዕቃ ለ10 ሜጋጁል ኤሌክትሪክ መለወጥ፣ በየትኛውም ሒሳብ ኪሳራ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ይህ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ሥራ ስለሆነ መከልከል አለበት፤ ስፍራው ታጥሮ ሰው እንዳይገባ ይደረግ» ይላሉ። ሐሳባቸው ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። በባዶ እጅ በመርፌና በስብርባሪ መካከል መልቀም፣ ጭሱን መተንፈስ፣ ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ አስቀርቶ ማዳበሪያ ማሸከም የሚወደስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ለዘመናት የኖረ የገቢ ምንጭ ሲታጠር ቤተሰቡ የሚበላው ምን ይሆናል? የሚለየውንስ ሥራ ማን ይሠራዋል? አጥሩ ሁለቱንም ጥያቄዎች አይመልስም።

የካይሮ ታሪክ ትምህርት ሊሆነን ይችላል። በዚያች ከተማ «ዛባሊን» የሚባሉት ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ከሚሰበስቡት እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሰው ጥቅም ላይ ያውላሉ ይባልላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከተማዪቱ ሥራውን ለውጭ ኩባንያዎች ሰጠች፤ ከኩባንያዎቹ የተጠየቀውም 20 በመቶውን ብቻ መልሰው ጥቅም ላይ እንዲያውሉ ነበር። ዘመናዊ መኪና ገባ፤ የመለየቱ መጠን ግን ወደቀ። በሕንድ ፑኔ የሆነው ከዚህ ይለያል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተደራጁት ለቃሚዎች በ2008 የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቁመው ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ፈጽመዋል። ቤት ለቤት እየዞሩ ተለይቶ የተቀመጠውን ይረከባሉ፤ ነዋሪውም ለአገልግሎቱ ይከፍላቸዋል። የሚሠሩት ያንኑ ሥራ ነው፤ ስፍራው ግን ከክምሩ ጫፍ ወደ ቤቱ ደጃፍ ተዛወረ።

ለዚህ መሠረቱ በእኛም ሕግ ውስጥ ከተጣለ ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፣ የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ችግሩ ነዋሪው ቢለይም መኪናው አንድ ላይ መጫኑ ነው። የተለየው መልሶ ከተቀላቀለ ደግሞ፣ በማግስቱ ለመለየት የሚደክም ሰው አይገኝም።

ከላይ የዘረዘርናቸው ነገሮች ሁሉ ወደ አንድ ቀላል ተግባር ያመራሉ፤ እርጥቡን ከደረቁ በየቤቱ መለየት። እርጥቡ ክምሩን የሚያላላው፣ ጋዝ የሚያመነጨውና ምድጃውን የሚያዳክመው ነው። ደረቁ ደግሞ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ነው። ሁለት ዕቃ በአንድ ማድ ቤት ማስቀመጥ የሰውን ሕይወት ከመናድ አደጋና የድሃን ገቢ ከመቋረጥ በአንድ ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል። እርጥቡ ብስባሽ ሆኖ ለእርሻ ይውላል፤ ደረቁ በለቃሚው እጅ ንጹሕና ዋጋው የተሻለ ሆኖ ይገኛል፤ ለምንም የማይሆነው ቅሪት ብቻ ወደ ምድጃው ወይም ወደ ክምሩ ይሄዳል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከተማው ሁለቱን ዓይነት ለየብቻ የሚጭንበትን ቀን ይወስን፤ በጥቂት ቀበሌዎች ይጀመርና ይመዘን። ሁለተኛ፣ ለቃሚ ቤተሰቦች በማኅበር ተደራጅተው የደረቁን ቆሻሻ ርክክብ በውል ይያዙ፤ ጓንት፣ ጫማ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የጉበት በሽታ ክትባት ይሰጣቸው፤ ለልጆቻቸውም የትምህርት ቤት ምገባ ይቅደም። ሦስተኛ፣ በየትኛውም ክምር ሥር መኖሪያ እንዳይሠራ ርቀቱ በስሌት ተወስኖ ይከበር፤ በዚያ የሚኖሩትም መኖሪያ ሳይዘጋጅላቸው አይነሡ።

አራተኛው የእኛው የቤት ሥራ ነው። የክምርን እንቅስቃሴ ለመከታተል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በተዳፋቱ ላይ የተተከሉ ችካሎችና በየወሩ የሚለካ አንድ ቴዎዶላይት ይበቃል። የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ይህን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ኬሚስቶቹ ፍሳሹን፣ ባዮሎጂስቶቹ ብስባሹን ይመርምሩ። ልኬቱም መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት ለወረዳው ጽሕፈት ቤትና ለለቃሚዎቹ ማኅበር ይድረስ፤ ክምሩ መንቀሳቀስ መጀመሩን ቀድሞ ማወቅ የሚገባው ከሥሩ የሚያድረው ሰው ነውና።

ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ማንንም አይምርም፤ የቀላቀልነውን ሁሉ አንድ ሰው ሊለየው ግድ ነው። ያንን ሰው የመምረጥ መብት ግን የእኛ ነው። እስከ አሁን የመረጥነው ከሁሉ ድሃውን፣ ከሁሉ አደገኛ በሆነው ስፍራ፣ ያለ ደመወዝ ነው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ የቡና አተላውን ከውኃ ፕላስቲኩ ለይተን ብናስቀምጥ፣ ከሥራው ጥቂቱን በራሳችን ትከሻ ላይ ማድረግ እንጀምራለን።