እሳት ማጥፊያው በር ላይ ተሰቅሏል፤ ሕንፃውስ?

ከሳሪስ እስከ ጎፋ፣ ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለምግብ ቤትነት ባልተሠሩ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። የቀድሞው ሳሎን መመገቢያ፣ ጓዳው ማዕድ ቤት ሆኗል። ለአንድ ቤተሰብ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ምጣዱን፣ ማቀዝቀዣውንና የቡና ማሽኑን አንድ ላይ ይሸከማል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ከመግሪብ በፊት ባለችው ሰዓት የሳምቡሳው ዘይትና የሾርባው ምድጃ እኩል ይነዳሉ፤ ጾመኛውም እኩል ይገባል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎች እሳት ቢነሳ ሰው በደህና እንዲወጣባቸው፣ እሳቱም እንዳይዛመት ሆነው እንዲሠሩ አዝዟል። የሕንፃን አገልግሎት መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል። ከአዋጁ በፊት የተሠራ ቤት ግን ሲገነባ በዚህ ሚዛን አልተመዘነም።

እንደ እኛ እይታ ዋናው ክፍተት ያለው በአከራይና በተከራይ መካከል ነው። ተከራዩ እሳት ማጥፊያ ገዝቶ ይሰቅላል። የመስመሩ እድሳት፣ ሁለተኛው መውጫና ደረጃው ግን የሕንፃው ናቸው። ተከራዩ «ነገ ልቀቅ ብባልስ?» ብሎ በሰው ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይፈራል። አከራዩ ደግሞ «እሳቱን ያመጣኸው አንተ ነህ» ይላል። በመሃል ኃላፊነቱ ባለቤት ያጣል።

ኃላፊነት ባለቤት ሲያጣ ምን እንደሚከተል ቱርክ ውስጥ ታይቷል። ጥር 13 ቀን 2017 በካርታልካያ ከሆቴል ምግብ ቤት ክፍል የተነሳ እሳት 78 ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ ሚኒስቴሩና ማዘጋጃ ቤቱ «የመቆጣጠር ኃላፊነቱ ያንተ ነበር» እየተባባሉ ተካሰሱ።

በእኛም ከተማ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሳው ቃጠሎ የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ተሽከርካሪዎችን ሥራ አክብዶ ነበር። ጠባብ የውስጥ መንገድ ላይ ላለ ምግብ ቤት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በውስጥ ባሉት ሰዎች እጅ ናቸው ማለት ነው።

ስለዚህ የመሣሪያው ዓይነት ወሳኝ ነው። በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን ይበትነዋል፤ ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን መክደን ወይም ለማብሰያ ዘይት የተሠራ ማጥፊያ መጠቀም ያስፈልጋል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ከማዕድ ቤቱ ውጭ ቢቀመጥ፣ ክፍሉም ከታች አየር ማስወጫ ቢኖረው ይመረጣል። ሽታ ካለ ማብሪያ አይነካም። በጭስ መውጫው ላይ የሚጋገረው ቅባትም በየጊዜው ካልተጠረገ ራሱ ማገዶ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ካላሟላችሁ ብሎ ማሸግ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ መዝጋት ነው። በዝምታ ማለፍ ደግሞ በሰው ነፍስ መጫወት ነው። የሚሻለው ቅደም ተከተል ያለው የጊዜ ገደብ ነው፦ መጀመሪያ መውጫውና ጋዙ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ከዚያ የቀረው። ቁጥጥሩ ሲመጣም አከራዩ አብሮ ይጠራ። የእድሳት ወጪው የማን እንደሆነ በኪራይ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

እስከዚያው የምግብ ቤት ባለቤቶች ዛሬውኑ አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፦ በዕቃ የታጠረውን የጓሮ በር መክፈት። 939 የሚለውንም ቁጥር ሠራተኛው ሁሉ በቃሉ ይያዘው።