የእጅ ፍሬናችን ድንጋይ ሆኖ እስከ መቼ?

እኔ ጥፋተኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገ አንዱ ተነስቶ «አንተ ማን ሆነህ ነው ሰው የምትወቅሰው?» እንዳይለኝ ነው። ዕድሜዋ ከትልቁ ልጄ የሚበልጥ ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። ለሁለት ዓመት ያህል የእጅ ፍሬኗ ድንጋይ ነበር። አዎ፣ ድንጋይ! ኮፈን ውስጥ ከክሪኩ ጎን ተቀምጦ አብሮኝ ከተማውን ሲዞር የኖረ፣ እንደ ዘመድ የለመድኩት ድንጋይ።

አዲስ አበባ ደግሞ ሜዳ ላይ የተኛች ከተማ አይደለችም። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን ቸርችል ጎዳናን፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚንደረደረውን ቁልቁለት የነዳበት ሰው ያውቀዋል። እዚያው ሽሮ ሜዳ ነው ጉድ የሆንኩት። ለባለቤቴ ነጠላ ልገዛ ዳገቱ ላይ አቆምኩ፤ ድንጋዬን ከኋላ ጎማ ሥር ወሸቅሁ። ማርሽ ውስጥ ማስገባቱን ረሳሁት። ዘንቦ ስለነበር አስፋልቱ ያዳልጣል። ሱቅ ውስጥ ዋጋ ስከራከር «ኧረ መኪናው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ የኔዋ ጉድ ወደ ኋላ እየተንከባለለች የሊስትሮውን ሳጥን ከመብራት እንጨቱ ጋር አጣብቃ ቆማለች። ሳጥኑ ብትንትኑ ወጥቷል። ልጁ የደንበኛ መቶ ብር ሊዘረዝር ተሻግሮ ነበር። ያ ደንበኛ ዝርዝር ይዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከየት ሆኜ እንደምጽፍላችሁ አላውቅም።

አሁን ስሙኝ! ያቺ መኪና ከሦስት ሳምንት በፊት ዓመታዊ ምርመራ አልፋለች። ቦሎዋ መስታወቷ ላይ ያብረቀርቃል። መርማሪው «የእጅ ፍሬን ይሠራል?» አለኝ፤ «ይሠራል» አልኩት። በቃ! እኔ ዋሸሁ፣ እሱ ጻፈ። የምርመራ ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ለመሆኑ ግን ምርመራ ማለት ባለቤቱን መጠየቅ ነው እንዴ? በእንግሊዝ አገር ዓመታዊ ምርመራ የእጅ ፍሬን በመሣሪያ ይለካል፤ ሁለት የፍሬን መስመር ያለው መኪና ቢያንስ የክብደቱን 16 በመቶ የሚያህል የመያዝ ኃይል ካላሳየ ይወድቃል። እኛ ዘንድ «ይሠራል» ያለ ሁሉ ያልፋል!

«አሮጌ መኪና ነው፣ ምን ይደረግ» የሚሉ አሉ። መልካም፤ ማን አስረጀን? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪኩን መግዛት የሚችል ይግዛ፤ የማንችለው ባለን አሮጌ እንኖራለን። መንግሥት ይህን ከወሰነ አሮጌውን በቅጡ መመርመር የእሱ ዕዳ ነው። ግብሩን ወስዶ ፍሬኑን ለፈጣሪ መተው ምን የሚሉት አሠራር ነው?

ወደ መካኒኮቻችን ልምጣ። ከአደጋው በፊት ሁለት ጊዜ ጋራዥ ሄጃለሁ። ሁለቱም ጊዜ «ጋሼ፣ ካቦው ረግቦ ነው፣ ጠበቅ ላርገው» ተባልኩ። አሥር ደቂቃ፣ ሒሳብ፣ ቻው። በወሩ ማንሻው ተመልሶ ጣሪያ ሊነካ ይደርሳል። የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የእጅ ፍሬን እኮ ምትሐት አይደለም። ማንሻውን ስትስቡ ካቦው ይሳባል፤ ካቦው ከኋላ ጎማዎቹ ታምቡር ውስጥ ያለችን ትንሽ ብረት ይጎትታል፤ እሷ ሸራዎቹን ከታምቡሩ ጋር ታጣብቃለች። ሸራው ሲበላ በእሱና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ማንሻው አሥር ጊዜ ቀጭ ቀጭ ቢልም አይዝም። ስለዚህ ቀድሞ የሚስተካከለው ሸራው ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ ጥርስ ያላት ማስተካከያ በካቻቪቴ ትዞራለች፤ ሸራው እስኪነካ ይጠበቅና ጎማው በነፃ እስኪዞር ይመለሳል። ካቦ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ካቦውን ያስቀደመ መካኒክ ያቺን ብረት ከማረፊያዋ አንስቶ አንጠልጥሎ ይተዋታል፤ ሸራው ፍሬን ሳይያዝ ይታሻል፣ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራውን በራሱ የሚያስተካክለውም ክፍል ሥራውን ያቆማል። ለዚህ ነው የከፈልንበት!

አንዱ ጎማ ይዞ አንዱ ካልያዘ ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ወይም ሸራው ዘይት ጠጥቶ ይሆናል። የኔ ሁለተኛው ነበር። ታምቡሩ ሲከፈት የግራው ሸራ ከጎማው ፍሬን ፓምፕ በሚያንጠባጥብ የፍሬን ዘይት ርሷል። ዘይት የጠጣን ሸራ አጥቦ የሚመልስ መካኒክ አለ፤ አትቀበሉት፤ ፓምፑን አሠርታችሁ የሁለቱንም ጎማ ሸራ በአንድ ላይ ቀይሩ። ፍሬኑን ለቃችሁ ጎማው እንደታሰረ ከቀረ የዛገ ካቦን ወይም የተበጠሰ የመመለሻ ሞላን ጠርጥሩ። አንድ ነገር ደግሞ፦ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ትቢያውን በኮምፕሬሰር የሚያቦኑ ልጆች ሳንባቸውን እየሸጡ ነው፤ በውኃ ያርጥቡት።

«ድህነት ነው» አትበሉኝ። ሸራው ካላለቀ ማስተካከሉ ክሪክና ካቻቪቴ እንጂ ዕቃ አይጠይቅም። የኋላው በክሪክ ሲነሳ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ፤ የድንጋይ ቦታው እሱ ነው! መያዙን ለማወቅ ደግሞ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ፍሬኑን ስባችሁ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ይዟል፤ መኪናዋ ከሄደች አልያዘም። መርማሪው ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ አጣ?

ለሊስትሮው ሳጥኑን ከነቀለሙና ከነብሩሹ ገዝቼለታለሁ። ታሪቁን አልገፋበትም። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ግን፣ መኪናዬ ገና ሳትቆም ሳጥኑን አንስቶ ወደ ማዶ ተሻገረ።